ኤፒአይ፡- ባለንብረቱ ሳይጠየቅ የሚወሰን ወጪ

አንድ ነጋዴ ሱቅ ወይም መጋዘን ሲከራይ አስቀድሞ የሚያየው በሩን ነው፡፡ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል ወይስ ወደ ጓሮ? የጭነት መኪና ያስጠጋል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ይህንን ሁሉ ሳይጠይቅ ቀብድ የሚከፍል ነጋዴ አይገኝም፡፡ ይኸው ሰው ለድርጅቱ ሶፍትዌር ሲያሠራ ግን ስለ በሩ አንድም ጥያቄ አያነሳም፡፡ የሪፖርቱን ዓይነት፣ ሥራው የሚያልቅበትን ቀንና ዋጋውን ተነጋግሮ ውሉን ይፈርማል፡፡ ሶፍትዌሩ ከባንክ፣ ከሞባይል ገንዘብና ከደንበኛው ስልክ ጋር የሚገናኝበትን በር የሚመርጠው ፕሮግራመሩ ነው፤ የምርጫው ሒሳብ ግን ዞሮ ዞሮ የሚመጣው በባለንብረቱ ስም ነው፡፡

በሙያው ቋንቋ ይህ በር ኤፒአይ ይባላል፡፡ ነገሩን ለመረዳት የባንክ መስኮትን ማሰብ ይበቃል፡፡ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ደንበኛ ካዝናው ድረስ አይገባም፡፡ በመስኮቱ በኩል በታወቀ ፎርም ይጠይቃል፣ መታወቂያውን ያሳያል፣ መልሱንም በታወቀ መልክ ይቀበላል፡፡ አንድ ሶፍትዌር ከሌላው አገልግሎት ሲፈልግ የሚጠቀመው እንዲህ ያለ መስኮት ነው፡፡ ፎርሙ ምን እንደሚመስል፣ ጥያቄው በየት በኩል እንደሚገባ፣ መልሱ ምን ያህል እንደሚሆን ግን ከመስኮት መስኮት ይለያያል፡፡ ምርጫ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡

ጉዳዩ የኮምፒዩተር ሰዎች ወግ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል፡፡ በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፡፡ የሳፋሪኮም ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፡፡ ክፍያውን በስልክ ተቀብሎ ሒሳቡ በራሱ ሶፍትዌር ላይ ወዲያው እንዲመዘገብለት የሚፈልግ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ሁሉ የሌላውን በር ማንኳኳቱ አይቀርም፡፡ የራሱን ዕቃ ወይም አገልግሎት በሌሎች መተግበሪያ አማካይነት መሸጥ የሚፈልግ ደግሞ የራሱን በር መክፈት ይኖርበታል፡፡

በዓለም ገበያ ላይ ዛሬ በብዛት የሚታዩት የበር ዓይነቶች አራት ናቸው፡፡ አራቱም ይሠራሉ፡፡ ልዩነቱ ማንን በቀላሉ እንደሚያስገቡ፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉና ሲበላሹ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው፡፡

በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ

ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው ሶፕ የተባለው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ነደፉት፡፡ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ደግሞ 1.2 የተባለውን እትም እ.ኤ.አ. በ2003 በደረጃነት ተቀበለው፡፡

የሶፕ አሠራር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ይመስላል፡፡ እያንዳንዱ መልዕክት በፖስታ ይታሸጋል፤ ደረጃው ራሱ የሚጠራውም ፖስታ ብሎ ነው፡፡ በፖስታው ውስጥ ራስጌና ዋናው ጽሑፍ አለ፡፡ የላኪው ማንነትና ፊርማ በራስጌው ላይ ሊሰፍር ይችላል፡፡ ሁለቱ ወገኖች ምን እንደሚጠያየቁና ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጣጡ ደብሊውኤስዲኤል በሚባል ሰነድ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል፡፡ ከሰነዱ ውጪ የሆነ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም፡፡

ይህ ጥብቅነት ለባንክ፣ ለመድን ድርጅትና ለአየር መንገድ ዓይነቱ ሥራ ይመቻል፡፡ መልዕክቱ በመካከል ሁለትና ሦስት እጅ ቢያልፍ እንኳ ፊርማው አብሮት ስለሚጓዝ ማን ምን እንደላከ ማረጋገጥ ይቻላል፡፡ ሶፕ አርጅቷል እየተባለም በትልልቅ ተቋማት ውስጥ እስከዛሬ የሚገኘው ለዚህ ነው፡፡

ጉድለቱ ክብደቱ ነው፡፡ አንድ ቀሪ ሒሳብ ለመጠየቅ የሚላከው ፖስታ ከውስጡ ካለው ቁም ነገር ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፡፡ ፖስታውን ማሸግና መፍታት የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል፡፡ አንድ መስመር ለመለወጥም የውሉን ሰነድ በሁለቱም ወገን ማስተካከል ግድ ይሆናል፡፡ ለትልቅ ባንክ ይህ ችግር አይደለም፡፡ ሁለት ፕሮግራመር ላለው አነስተኛ ድርጅት ግን የወራት ሥራ ሊሆን ይችላል፡፡

አድራሻ የተጻፈበት መደርደሪያ

ሁለተኛው ሬስት ነው፡፡ ስሙን ያወጣለት ሮይ ፊልዲንግ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው፡፡ ፊልዲንግ ድረ ገጾች የሚጓዙበትን የኤችቲቲፒ ሥርዓት ከጻፉት ሰዎች አንዱ ስለነበረ ሐሳቡ ከዚያው የተቀዳ ነው፡፡

በሬስት እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ አለው፡፡ ደንበኛ ቁጥር 15 አንድ አድራሻ፣ ትዕዛዝ ቁጥር 200 ሌላ አድራሻ ይኖረዋል፡፡ በአድራሻው ላይ የሚሠራውም በጥቂት የታወቁ ግሦች ይወሰናል፤ አምጣ፣ አዲስ መዝግብ፣ ተካ፣ ሰርዝ፡፡ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በሚባል ቀላል የጽሑፍ ቅርጽ ይመጣል፡፡ ዕቃው ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠበት ሱቅ ማለት ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ልጅም በመጀመሪያው ቀን ፈልጎ ያገኛል፡፡

ገበያው የቱን እንደመረጠ ቀድሞ ያሳየው አማዞን ነው፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2002 የዕቃ ዝርዝሩን ለውጭ ፕሮግራመሮች ሲከፍት ሁለቱንም በሮች ጎን ለጎን አቀረበ፡፡ አንዱ ሶፕ፣ ሌላው በቀላል የድር አድራሻ የሚጠራ ነበር፡፡ በቀጣዩ ዓመት አሳታሚው ቲም ኦሬይሊ ከአማዞን ሰምቶ እንደጻፈው፣ ከጥያቄዎቹ 85 በመቶ ያህሉ የሚመጡት በቀላሉ በር በኩል ነበር፡፡ ያን ጊዜ ትልልቅ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ስለ ሶፕ ብዙ ያስተዋውቁ እንደነበር ላስታወሰ ሰው፣ ገዢው በእግሩ ድምፅ ሰጠ ማለት ይቻላል፡፡

ጉግልም የፍለጋ አገልግሎቱን በሶፕ በር የከፈተው በዚያው በ2002 ነበር፡፡ በታኅሣሥ ወር 2006 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ደንበኞች ቁልፍ መስጠት አቆመ፤ በ2009 ደግሞ በሩን ጨርሶ ዘጋው፡፡ ሥራቸውን በዚያ በር ላይ የመሠረቱ ሁሉ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው፡፡

የሬስት ሌላው ጥቅም መልሱን በቅርብ ማስቀመጥ መቻሉ ነው፡፡ “አምጣ” ለተባለ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ካልተለወጠ በስልኩ ወይም በመካከል ባለ ሰርቨር ላይ ሊቆይ ይችላል፡፡ ጅምላ ሻጩ ጋ በየሰዓቱ ከመመላለስ ሱቁ ውስጥ ጥቂት ዕቃ ይዞ እንደመቆየት ነው፡፡ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና የዳታ ዋጋ በሚሰማበት አገር ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም፡፡

ደካማ ጎኑ ደግሞ ልቅነቱ ነው፡፡ ሬስት በራሱ የተጻፈ ውል አያስገድድም፡፡ በመሆኑም ሬስት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ይህን ክፍተት ለመሙላት ኦፕንኤፒአይ የተባለው የሰነድ አጻጻፍ መጥቷል፡፡ ቀድሞ ስዋገር ይባል የነበረው ይኸው አጻጻፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር በጋራ የሚተዳደር ነው፡፡ ሬስት የሚያሠራ ባለንብረት ይህ ሰነድ ተጽፎ እንዲሰጠው በውሉ ውስጥ ቢያስገባ ይጠቀማል፤ ፕሮግራመሩ ሥራ ቢለቅ የሚተካው ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነውና፡፡

የጎረቤት ምሳሌ

የበር ምርጫ በንግድ ላይ ያለውን ውጤት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ኤምፔሳ በኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2007 ነው፡፡ ለብዙ ዓመታት አገልግሎቱ በስፋት ቢያድግም ነጋዴው የራሱን ሶፍትዌር በቀጥታ የሚያገናኝበት ምቹ በር አልነበረውም፡፡ አንዳንዱ ወደ ስልኩ የሚመጣውን የክፍያ አጭር መልዕክት በሶፍትዌር እያስነበበ ሒሳቡን ይመዘግብ ነበር፡፡ ሌላው ደግሞ በመካከለኛ ድርጅት በኩል ይሄድ ነበር፤ መካከለኛው ደግሞ እንደ ማንኛውም ደላላ ድርሻውን ይወስዳል፡፡

ሳፋሪኮም በ2015 በሩን ሲከፍት የመረጠው ሶፕን ነበር፡፡ በ2017 ደግሞ ዳራጃ በሚል ስም፣ በሬስትና በጄሰን የሚሠራ አዲስ በር ከፈተ፡፡ ዳራጃ በስዋሂሊ ድልድይ ማለት ነው፡፡ ገንዘቡ ያው፣ ደንበኛውም ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው በሩ ብቻ ነበር፡፡ ፕሮግራመሩ በድረ ገጹ ተመዝግቦ የራሱን ቁልፍ ያወጣል፤ እውነተኛ ገንዘብ በማይነካበት የመለማመጃ ቦታ ላይ ሥራውን ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ እውነተኛው ይሻገራል፡፡ በኬንያ ለአነስተኛ ሱቆች ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ያለ ትልቅ ድርጅት ድጋፍ ከኤምፔሳ ጋር መገናኘት የቻሉት በዚህ መንገድ ነው፡፡

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው፡፡ በር ከፋቹ ብዙ ትንንሽ ደንበኞች ከፈለገ ቀላሉን በር መምረጥ አለበት፡፡ በር አንኳኪው ደግሞ ዛሬ የገባበት በር ነገ ሊለወጥ እንደሚችል አውቆ፣ ከበሩ ጋር የሚነጋገረው የሶፍትዌሩ ክፍል ከሌላው ተለይቶ እንዲሠራ ማድረግ አለበት፡፡ እንዲህ ከሆነ በሩ ሲለወጥ የሚቀየረው ያ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ካልሆነ ግን ቤቱ ሁሉ ፈርሶ ይሠራል፡፡

ገዢው የሚጽፈው ዝርዝር

ሦስተኛው ግራፍኪውኤል ነው፡፡ ፌስቡክ የስልክ መተግበሪያውን በአዲስ መልክ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2012 ለራሱ ፈጠረው፡፡ በ2015 ለሁሉም በነፃ ለቀቀው፡፡

መነሻው የሬስት አንድ ጉድለት ነው፡፡ አንድ የስልክ ገጽ ላይ የደንበኛው ስም፣ የመጨረሻ አምስት ትዕዛዞቹና የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ እንዲታይ ቢፈለግ፣ በሬስት ከመደርደሪያ መደርደሪያ ብዙ ጊዜ መመላለስ ሊኖር ይችላል፡፡ በእያንዳንዱ ምልልስም ያልተፈለገ መረጃ አብሮ ይመጣል፤ ስሙን ብቻ ለፈለገ ሰው የደንበኛው ሙሉ ፋይል ይላክለታል፡፡ በግራፍኪውኤል ግን ገዢው የሚፈልገውን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ጽፎ ለአንድ ሻጭ ይሰጣል፡፡ ሻጩም ዞሮ ለቅሞ የተጻፈውን ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያመጣለታል፡፡

የፕሮግራመሮች የሥራ ቦታ የሆነው ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደዚህ በር የሄደበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ ወደ መረጃ ቋቱ ከሚሄዱት ጥያቄዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚመነጩት ከሬስት በሩ እንደነበር አስታውቆ ነበር፡፡ ያም ሆኖ የሬስት በሩን አልዘጋውም፤ ሁለቱን አቻ ለአቻ ያስኬዳቸዋል፡፡

ሾፒፋይ ግን ከዚህ ጠንከር ያለ መንገድ ተከትሏል፡፡ በኢንተርኔት ሱቅ ለመክፈት የሚያገለግለው ይህ የካናዳ ኩባንያ ሱቆች የሚተዳደሩበትን የሬስት በር ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ “አሮጌ” ብሎ መደበው፡፡ ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለሕዝብ የሚቀርቡ አዳዲስ መተግበሪያዎች በግራፍኪውኤል ብቻ እንዲሠሩ አዘዘ፡፡ በሾፒፋይ ላይ ተጨማሪ ሶፍትዌር እየሠሩ ለሚሸጡ ድርጅቶች ይህ ውሳኔ የፕሮግራመር ደመወዝ ማለት ነው፡፡ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረ ነገር አልተበላሸም፤ ግን እንደገና መጻፍ አለበት፡፡

ግራፍኪውኤል የራሱ ጣጣም አለው፡፡ ዝርዝሩን የሚጽፈው ገዢው ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት መጋዘኑን ሁሉ ሊያዝ ይችላል፡፡ ሻጩ ገደብ ካላበጀ ሰርቨሩ በአንድ ጥያቄ ይንበረከካል፡፡ ጊትሀብና ሾፒፋይ ጥያቄውን በብዛት ብቻ ሳይሆን በክብደት የሚመዝኑትና በነጥብ የሚያስቡት ለዚህ ነው፡፡ በተጨማሪም ጥያቄዎቹ በአንድ አድራሻ ስለሚገቡና እያንዳንዳቸው የተለያዩ ስለሆኑ መልሱን በቅርብ አስቀምጦ እንደገና መጠቀም እንደ ሬስት ቀላል አይደለም፡፡ አንድ ዓይነት ገጽ ብቻ ላለው ትንሽ መተግበሪያ ይህን በር ማሠራት ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መኪና እንደመከራየት ይቆጠራል፡፡

የውስጥ ስልክ

አራተኛው ጂአርፒሲ ነው፡፡ ጉግል በውስጡ ለዓመታት ሲጠቀምበት በነበረው አሠራር ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ለቀቀው፡፡ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2016 ወጣ፡፡

ይህ በር ከመጋዘን ወደ ሱቅ እንደተዘረጋ የውስጥ ስልክ ነው፡፡ ሁለቱ ወገኖች የሚግባቡት አስቀድመው በተስማሙበት አጭር ኮድ ነው፡፡ መልዕክቱ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ሳይሆን ፕሮቶኮል በፈርስ በሚባል ዘዴ የታጠረ የማሽን ቋንቋ ነው፡፡ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ቦታም አይፈጅም፡፡ ውሉም እንደ ሶፕ አስቀድሞ በሰነድ ይጻፋል፡፡ በአንድ ድርጅት ውስጥ ብዙ ሰርቨሮች በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲነጋገሩ ቁጠባው ይታያል፡፡

ለውጭ ደንበኛ ግን አይመችም፡፡ የድረ ገጽ መክፈቻዎች በቀጥታ ሊጠሩት ስለማይችሉ በመካከል አስተርጓሚ ማቆም ያስፈልጋል፡፡ ችግር ሲፈጠርም መልዕክቱን አንብቦ ስህተቱን መለየት ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፡፡ የውስጥ ስልክን ለገበያተኛ መስጠት ትርፉ ግራ መጋባት ነው፡፡

በጥሪ የሚቆጠር ሒሳብ

የበር ምርጫ በቀጥታ ወደ ብር የሚለወጠው በሩን የከፈተው ወገን በጥያቄ ብዛት ሲያስከፍል ነው፡፡ ሬዲት የተባለው የውይይት መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ቀድሞ በነፃ ይሰጥ በነበረው በር ላይ ለእያንዳንዱ 1,000 ጥያቄ 24 የአሜሪካ ሳንቲም መጠየቅ ጀመረ፡፡ ሳንቲም መሆኑን አይቶ የናቀው ሰው ተሳስቷል፡፡ አፖሎ የተባለው ተወዳጅ የስልክ መተግበሪያ በወር 7 ቢሊዮን ያህል ጥያቄ ይልክ ስለነበር የዓመት ሒሳቡ 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሆነ፡፡ የመተግበሪያው ባለቤትም መክፈል ስላልቻለ በሰኔ ወር 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራውን ዘጋ፡፡

በዚያው ዋጋ አንድ ትንሽ ስሌት ይሠራ፡፡ አንድ የሱቅ መተግበሪያ በቀን 10,000 ጊዜ ቢከፈት፣ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ 20 ጥያቄ ቢልክ፣ በቀን 200,000 ጥያቄ ይሆናል፡፡ ዋጋውም 48 ዶላር ነው፡፡ ያው ገጽ በአንድ ጥያቄ እንዲሞላ ተደርጎ ቢሠራ 10,000 ጥያቄ ይበቃዋል፤ ዋጋው 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል፡፡ በዓመት ሲታሰብ ልዩነቱ ከ16,000 ዶላር በላይ ነው፡፡ ይህ ልዩነት በደንበኛው ዓይን አይታይም፤ ገጹ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፡፡ የሚታየው በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲመጣ ነው፡፡

ነገሩ የዋጋ ብቻም አይደለም፡፡ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለውጭ ፕሮግራመሮች የከፈተውን በር በኅዳር ወር 2014 ዘግቶታል፡፡ የሌላ ሰው በር ላይ የቆመ ንግድ፣ የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ እንደተሠራ ኪዮስክ ነው፡፡ ባለግቢው መልካም ሰው ቢሆንም ቁልፉ የእርሱ ነው፡፡

“ደርሷል” እና “ተከፍሏል”

በክፍያ ሥራ ላይ ከሁሉ የከፋው ኪሣራ የሚመጣው ግን ከበሩ ዓይነት ሳይሆን መልሱ የሚመጣበትን መንገድ ካለመረዳት ነው፡፡ የዳራጃ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ሱቁ የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ወደ ኤምፔሳ ይልካል፡፡ ወዲያው መልስ ይመጣል፤ የመልሱ ቁጥር 0 ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው፡፡ ገንዘቡ ተከፍሏል ማለት ግን አይደለም፡፡ ደንበኛው ገና ስልኩ ላይ የምሥጢር ቁጥሩን አላስገባም፡፡ ካስገባ በኋላ፣ ወይም “አልፈልግም” ካለ በኋላ፣ ኤምፔሳ ራሱ ወደ ሱቁ ሰርቨር ሁለተኛ መልዕክት ይልካል፡፡ እዚህ ላይ 0 ከመጣ ክፍያው ተፈጽሟል፤ 1032 ከመጣ ደንበኛው ሰርዞታል፡፡

ቸኩሎ የተሠራ ሶፍትዌር የመጀመሪያውን 0 አይቶ “ተከፍሏል” ብሎ ደረሰኝ ካተመ ዕቃው ከሱቁ ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን አይገባም፡፡ ይህ ስህተት በሙከራ ጊዜ ላይታይ ይችላል፤ ሞካሪው ሁልጊዜ ይከፍላልና፡፡ የሚታየው መሰረዝ የሚያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ነው፡፡

ውጤቱን እየደጋገሙ ከመጠየቅ ይልቅ ባለበሩ ራሱ እንዲያሳውቅ የሚያደርገው ይህ አሠራር በጥቅሉ ዌብሁክ በመባል ይታወቃል፡፡ “ዕቃው ሲገባ ደውልልኝ” ብሎ ቁጥር እንደመተው ነው፡፡ ጥያቄ ይቀንሳል፣ ወጪም ይቆጥባል፡፡ ሆኖም ስልኩ ሲጠራ ማንሳት የሚችል ሰው መኖር አለበት፡፡ የሱቁ ሰርቨር በዚያች ደቂቃ መብራት ጠፍቶበት ከሆነ መልዕክቱ ሊያመልጥ ይችላል፡፡ ስለዚህ ያልተዘጉ ክፍያዎችን ማታ ማታ ከባለበሩ ጋር የሚያስታርቅ ሁለተኛ መንገድ መኖር አለበት፡፡ ደዋዩም እውነተኛው ባለበር መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ማንም ሰው ደውሎ “ተከፍሏል” እንዳይል፡፡

ተቃራኒው ችግር ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፡፡ ጥያቄው ተልኮ መልሱ ሳይመጣ መስመር ቢቋረጥ፣ ሶፍትዌሩ እንደገና ይልካል፡፡ የመጀመሪያው ደርሶ ከነበረ ከደንበኛው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል፡፡ ስትራይፕ የተባለው የአሜሪካ የክፍያ ኩባንያ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ቀላል ነው፡፡ እያንዳንዱ ጥያቄ ላኪው የሰጠው ልዩ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ ኩባንያው አዲስ ክፍያ አይፈጽምም፣ የቀድሞውን መልስ መልሶ ይሰጣል፡፡ የቼክ ቁጥር የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው፡፡ ይህ ጥንቃቄ በሶፕም፣ በሬስትም፣ በግራፍኪውኤልም ያስፈልጋል፤ የትኛውም በር በራሱ አይሰጠውም፡፡

ከመፈረም በፊት

ከአራቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ አይደለም፡፡ በትልልቅ ድርጅቶች የሚታየው ቅልቅል ነው፡፡ ለውጭ ደንበኞችና ለሸሪኮች ሬስት፣ ብዙ ዓይነት ገጽ ላለው የስልክ መተግበሪያ ግራፍኪውኤል፣ በውስጥ ሰርቨሮች መካከል ጂአርፒሲ ይሆናል፡፡ ሌላው ወገን ሶፕ ብቻ ካለው ደግሞ በሶፕ መነጋገር ነው፡፡ ባንኩ በሩን የሚለውጠው ለአንድ ነጋዴ ሲል አይደለምና፡፡ አነስተኛ ድርጅት ግን ሁሉንም ቢያግበሰብስ የሚጠግነው ሰው ያጣል፡፡ በቂ ምክንያት እስኪመጣ ድረስ በሬስት መጀመር ባለሙያም መሣሪያም በቀላሉ የሚገኝበት መንገድ ነው፡፡

ባለንብረቱ ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅበትም፡፡ መጋዘን ሲከራይ የሚጠይቀውን ያህል መጠየቅ ግን ይችላል፡፡ በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው? የራሱ ሠራተኛ ነው፣ ሸሪክ ድርጅት ነው ወይስ ማንም መንገደኛ? ክፍያው የሚቆጠረው በጥያቄ ብዛት ነው፣ በክብደት ነው ወይስ በወር? አንድ ገጽ ሲከፈት ስንት ጥያቄ ይወጣል? መስመር መሀል ላይ ቢቋረጥ ገንዘቡ የት ይቀራል? ባለበሩ አሠራሩን ሲለውጥ ስንት ጊዜ ቀድሞ ያስታውቃል? ስትራይፕ ለምሳሌ የበሩን እትሞች በቀን ይሰይማል፤ ደንበኛው ራሱ ካልለወጠ በጀመረበት እትም ይቀጥላል፡፡ እንዲህ ያለ ዋስትና የሌለው በር ርካሽ ቢሆንም ርካሽ አይደለም፡፡

የመጨረሻው ጥያቄ የሰነዱ ነው፡፡ የውሉ ሰነድ፣ ቁልፎቹና የተጻፈው ፕሮግራም በማን እጅ ይቀመጣሉ? ፕሮግራመሩ ቁልፉን በራሱ ስም አውጥቶ ከሆነ፣ በተለያዩ ቀን ባለንብረቱ የራሱን ሱቅ በር ሲያንኳኳ ሊገኝ ነው፡፡

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሩ በችኮላ የተመረጠ ሶፍትዌር የሚፈታው ገበያ በደራበት ቀን ነው፡፡ እነዚህ ጥያቄዎች ከውሉ በፊት ሲነሱ የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይወስዳሉ፤ ከውሉ በኋላ ሲነሱ ግን ዋጋቸው በሌላ ደረሰኝ ይመጣል፡፡